ድምፅ የማያወጣው ክፍል

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱፤ ቡላቅ አል-ዳክሩር

ዛሬ ከቀትር በኋላ በሩ ሲንኳኳ ዘልዬ ሙዚቃውን አጠፋሁት። የመኖሪያ ፈቃዴ ካለፈበት አራት ወር ሆነው፤ የማሳደሻ ቀጠሮ የሰጡኝ ደግሞ ለከርሞ ነው። ስለዚህ አልከፈትኩም። መዳፌን አሮጌው ስፒከር ላይ አድርጌ ቆየሁ።

ሁለቱንም ስፒከሮች የዛሬ ሃያ ዓመት እዚሁ ካይሮ፣ ስፒከር ፋብሪካ ስሠራ፣ በገዛ እጄ ነው ያጣበቅኋቸው። ፋብሪካው ሲዘጋ በደሞዝ ፈንታ ሰጡኝ። ያኔ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር አለቃችን «ያላ፣ ግቡ!» ብሎ ፈቃድ የሌለንን ሐበሾች የድምፅ መሞከሪያው ክፍል ውስጥ ይቆልፍብን ነበር። ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ ስለሆነ ውስጥ ቢጮኽ ውጭ አይሰማም። አንድ ቀን ረስተውን ወደየቤታቸው ሄዱ። ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኽን። ማን ይስማን!

የዛሬዋ አንኳኪ ጎረቤቴ ኡም ሐሰን ነበረች። በሩን ተጠግታ፣ «ማሌሽ፣ ይቅርታ ዳዊት፣ ለምን አጠፋኸው? እኔ እኮ ከግድግዳው ወዲያ በየቀኑ አዳምጠዋለሁ» አለችኝ።

ሴትዮዋ ክፋት የላትም፤ አውቃለሁ። ለእሷም ግን አልከፈትኩም። ነጠላ ጫማዋ እየተጎተተ ሲርቅ «በየቀኑ» ያለችው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። እሷ ከሰማች፣ ደረጃውን የሚወጣ ሁሉ ይሰማል።

የስፖንጅ ፍራሼን ከአልጋው አውርጄ ግድግዳው ላይ አቆምኩት። ቁልፉንም ሁለቴ አዞርኩት። ያኔ እንኳ የሚቆልፍብኝ ሌላ ሰው ነበር።