ዝም ያላለው አማካሪ

ለእታለም፤ ናፍቆቴ እንደ አጎታችን ምክር ማለቂያ የለውም።

ሰማይና ምድር ይስሙኝ፤ የክፍልሽን ቁልፍ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ወንድማችን የዶርም ጓደኛውን ጥርስ አውልቆ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበ። አጎታችን ደጋፊ አማካሪ ሆኖ አብሮት ገባ። «አጠገቡ ይቀመጡ፣ በጆሮው ይምከሩት፤ መልሱን ግን ለእሱ ይተዉለት» አሉት። አጎታችንን ዝም በል ማለት! «ለምን መታኸው?» ብለው ወንድማችንን ሲጠይቁ አጎታችን ቀድሞ፣ «ተሰድቦ ዝም የሚል ወንድ እኛ ቤት አልተወለደም!» ብሎ የሰብሳቢውን ኮሌታ አነቀ። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ጠረጴዛው ደም በደም ሆነ። ወንድማችን፣ «አሁን ከማን እንደተማርኩ አያችሁ?» አለ አሉ።

ወንድማችን ከዩኒቨርሲቲው ተባረረ፤ ዛሬ ቤት ገብቷል። እኔ ክፍልሽ ገብቼ በሩን ቆልፌ፣ አልጋሽን አስደግፌበታለሁ፤ ነፋስ እንዳይገባ ነው። መቼ ነው የምትመጪው? እስከዚያ ደህና ሁኚልኝ፣ እኔም...

ይኸው ወንድማችን ጠራኝ፦ «አንቺ ምላሶ! ይሄን በር ማነው የቆለፈው?»