በእድሩ ዕቃ ቤት ስለታሰረችው የአባቴ ጌም

ለላይ ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ለክቡር ጋሼ ይሻው
ደብረ ታቦር

ጤናዎ እንደ ጉና ተራራ የጸና፣ ጉልበትዎም ከወንዛዬ ፍል ውኃ እንደተመለሱ ሰሞን የቀለለ ይሁንልዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከአባቴ ቀኝ እጅ በስተቀር ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። የምጽፍልዎም ስለዚሁ እጅ ነው።

ደብዳቤዬን የቀብር ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በቃል ደጋግሜ ስነግርዎ በትዕግሥት ሰምተው በትዕግሥት ስለረሱት፣ በየቀኑ ሳያዩት የማያልፉት ነገር ይህ ሰሌዳ ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ቆመው ለሚያነቡ ጎረቤቶቼም ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ።

አባቴ አቶ በላይነህ፣ የእርስዎን የሠርግ ኮት ጨምሮ የዚህን ሰፈር ልብስ ሲሰፉ የኖሩት ሰው፣ ባለፈው ክረምት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ ጣቶቻቸውን በየቀኑ እንዲያሠሩ ለስላሳ ኳስ ቢሰጣቸው፣ በስተርጅና ሕፃን አደረጋችሁኝ ብለው ከአልጋ ሥር ወረወሩት። ያን ጊዜ ነው ባሕር ዳር ስልክ የሚጠግነው የአጎቴ ልጅ ደረጄ፣ አንዲት በእጅ የምትያዝ አሮጌ ጌም ፈታትቶ፣ ስክሪኗን ለውጦ፣ ከፋብሪካ ይዛው ከወጣችው የሚበልጥ ባትሪ ገጥሞ የላከልን። ጨዋታዋ ከላይ የሚወርዱ ጡቦችን ክፍተት ሳይተዉ መደርደር ነው። ኳሱን የናቁት አባቴ ይቺን አልናቋትም፤ ጨርቅ ሳያባክኑ ቆርጦ ማገጣጠም ማለት አይደል ወይ አሉና ያዟት። መጀመሪያ አውራ ጣታቸው ታዘዘ፣ ቀጥሎም ሌባ ጣታቸው። ለገና የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ሲቆልፉ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

ከዚያ ባትሪዋ ታመመች፤ እርስዎም ደረሱልን። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጌሟ ገና አርባ ከመቶ ቻርጅ አለኝ እያለች ድንገት መጥፋት በጀመረች ጊዜ፣ ደረጄ በስልክ የነገረኝ መድኃኒት ቀላል ነበር። ማሽኗ የምታውቀው የድሮውን ትንሹን ባትሪ ስለሆነ የአዲሱን ልክ እስክትለምድ ድረስ ሙሉ በሙሉ እስክትጠፋ ማጫወት፣ ከዚያ ሳያቋርጡ እስክትሞላ ቻርጅ ማድረግ፣ ይህንኑ መደጋገም ነው። እርስዎ ግን አባቴን ሊጠይቁ መጥተው ይህን ሲሰሙ፣ በዱሮው ዘመን የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም በጥርስዎ እየነከሱና ፀሐይ እያሞቁ ለሰፈሩ ሁሉ ዜና ያሰሙ እንደነበር አስታውሰው፣ ይቺንም የመታት የደብረ ታቦር ብርድ ነው ብለው ፈረዱ። ለመንከስ ሲቃጡ የፊት ጥርሶችዎ ቀድመው ወልቀው መገኘታቸው ከብዙ ጉድ አተረፈን። እነዚያ ጥርሶች ያለጊዜያቸው ሄዱ ብዬ ያዘንሁበትን ዘመን ሁሉ ይቅር ይበሉኝ።

ሁለተኛ፣ ጥርስ ቢከዳዎ ፀሐይ አልከዳችዎምና ባትሪዋን ፈትተው ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ አሰጧት። የእኔን ጉልበት ወንዛዬ ላይ ያዳነው ሙቀት አይደለም ወይ ማለትዎን እናቴ ነግራኛለች፤ እስከ ፍል ውኃው ወስደው ባለመንከርዎ ውለታዎ አለብኝ። ገበያ ደርሼ ስመለስ ባትሪዋ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍታ አገኘኋት። የተነፋ ባትሪ ለመፈንዳት ያኮበኮበ ባትሪ መሆኑን ስልክ የያዘ ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ግን ፊትዎ በርቶ ወፈረች፣ ተስማማት፣ እኔ መች አጣሁት ብለው የምሥራች ተናገሩ፤ እናቴም ይሉኝታ ይዟት እግዚአብሔር ይስጥልን አለች። ለደረጄ ልደውል ወጣ ባልሁበት ክዳኗ አልገጥም ሲል በላስቲክ ጠፍረው፣ በስልክዎ ፈጣን ቻርጀር ሰክተው፣ ትጥገብና ትጠንክር ብለው አባቴ እጅ ላይ አኖሯት።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም፣ ጋሼ ይሻው። ተነሥቶ መሮጥ በማይችል ሰው እጅ ላይ እሳት ነበር ያስታቀፉት። ቻርጀሩን መዝዤ ነቅዬ፣ ባትሪዋን ጓሮ ወስጄ በባልዲ አሸዋ ውስጥ ቀበርኋት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው፤ ፀሐይ ያልጠየቀ ባትሪ ፀሐይ ላይ ማውጣት።

ሦስተኛ፣ ደረጄ በሹፌር እጅ ሌላ ባትሪ ልኮ፣ እንዳዘዘኝ አድርጌ አለማምጃት፣ አባቴ ጡባቸውን መደርደር በጀመሩ ማግስት እርስዎ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው በሰፈራችን ስለተገኘ ፈንጂ የሚል ነበር። ፈንጂውን ጣሪያ ላይ ያሰጣው ማን እንደሆነ ሳያነሡ ያን የመሰለ ረጅም ንግግር ማድረግ መቻልዎ ችሎታ ነው፤ እኔ ብሆን መሀል ላይ ሳቄ ያመልጠኝ ነበር። ጌሟ በእድሩ ዕቃ ቤት በአደራ ትቆይ ተባለ፤ ቁልፉም በአንገትዎ ተንጠለጠለ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ይፈነዳል ያሉትን ዕቃ ከድንኳናችን ሥር፣ ከአግዳሚ ወንበሮቻችን መሀል ያስቀመጡት ለየትኛው ጥንቃቄ ነው?

አራተኛውን ለመጻፍ ብዕሬ አፍራለች፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን እኔ ብደብቀው ምን ሊረባ! የእድሩን ብረት ድስቶች የሚጠብቁት እትዬ ፈንታነሽ፣ ከምሳ በኋላ የዕቃ ቤቱ በር ከውስጥ ተቀርቅሮ የጡብ መውረድ ድምፅ እንደሚሰሙ፣ ከድምፁም መሀል ክቡርነትዎ ወይኔ ጉዴ፣ ለትንሽ እያሉ ጭንዎን ሲመቱ እንደሚሰሙ ይናገራሉ። ከዚያ ወጥተው ለእኔ የሚያቀርቡልኝ ሪፖርት ባትሪዋ ዛሬም አልያዘችም፣ ገና ምርመራ ላይ ናት የሚል ነው። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ጅግራ። ሲጫወቱባት የዋሉ ባትሪ ማለቋ እኮ ሕመም አይደለም፤ ሲያርስ የዋለ በሬ ማታ ቢጋደም መድኃኒት የሚያጠጣው ማን አለ? ደረጄም ይህን ስነግረው ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ ባትሪውስ ጤነኛ ነው፣ ሰውዬውን ግን ለጊዜው ከቻርጀር አርቂያቸው ብሎኛል።

እርስዎ ምርመራ ላይ ሳሉ አባቴ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸዋል። ዛሬም እንደ ክረምቱ ጠዋት ጠዋት የምቆልፍላቸው እኔ ነኝ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ከሰዓት በኋላ ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ምንም ሳይዙ፣ አውራ ጣታቸውን ለማንቀሳቀስ ሲታገሉ አያለሁ። ጣቷ አንዳንዴ ትሰማቸዋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ አትሰማም። አባቴ አንድም ቀን በእርስዎ ላይ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ይሻው ብቻውን ስለሆነ ነው፣ ቤቱ ዝም ብሎበት ነው ይሉኛል። እኔ ግን እንደ እሳቸው ደግ አይደለሁም።

ስለዚህ ጌሟን ከነቻርጀሯ እንዲመልሱልን በትሕትና እጠይቃለሁ። መጫወቱንም አልከለከልዎም። ቤታችን ይምጡ፤ ከአባቴ ጎን ወንበር አለ፣ ተራ በተራ ይጫወታሉ፣ እሳቸውም ረጅሙን ጡብ የት እንደሚያስገቡት ያሳዩዎታል። እትዬ ፈንታነሽ በሰሙት መጠን ይህ ትምህርት ሳያስፈልግዎ አይቀርም። ፀሐዩ ለጉልበትዎ እንዲሆን በረንዳው ላይ እናደርገዋለን፤ ባትሪዋ ግን ጥላ ውስጥ ትቀመጣለች።

እድራችን የሞተውን በክብር መቅበር ያውቅበታል፤ ስለዚህም ሁላችንም እናመሰግነዋለን። ያልሞተውን እጅ ግን ቀድሞ አይቅበርብን።

የጉልበትዎን ጤና ተመኚ፣ የንግግርዎ አድማጭ፣ የምርመራዎን ውጤት በጉጉት የምትጠብቅ ታዛዥዎ

ትዝታ በላይነህ

ማሳሰቢያ፦ አባቴ ይህን ደብዳቤ ካነበብሁላቸው በኋላ በገዛ ቀኝ እጃቸው ስማቸውን ሊያኖሩበት ፈለጉ። ብዕሩን ይዘው እስኪያልባቸው ታገሉ፤ ከዚህ በታች የሚያዩት አንድ ፊደል የእሳቸው ነው። የቀረው ስማቸው በእርስዎ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል።

በ