ያልተቀመሰው አሽዋጋንዳ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ታናሽ እህቴ ሰናይት ትናንት እዚሁ ቅርባችን ካለችው ከአሌክሳንድሪያ መጥታ ለእማዬ አሽዋጋንዳ የሚሉትን የህንድ ሥር ዱቄት አመጣችላት። «አእምሮን ከመርሳት በሽታ ይጠብቃል» ብላ፣ ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ ሄደች። እማዬ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋ ነው፤ የምትታጠበውም የምትለብሰውም በእኔ እጅ ነው።

ዛሬ ጠዋት ዱቄቱን በወተት በጥብጬ ሰጠኋት። ቀን መለየት ካቆመች ቆይታለች፤ ኩባያውን ግን ገፋ አድርጋ፣ «ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ? በጾም ወተት ትሰጪኛለሽ?» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ወዲያው ሰናይትን ኮል አድርጌ፣ እማዬ ቀኑን እንዳወቀች ነግሬ በስፒከር አገናኘኋቸው።

«ተባረኪ ልጄ! መድኃኒትሽ አእምሮዬን መለሰልኝ» አለቻት።

«አላልኩሽም?» አለችኝ ሰናይት።

ዱቄቱ ኩባያው ሥር ዘቅጧል። እማዬ አንድ ጉንጭ እንኳ አልቀመሰችም። ይህንኑ ልናገር አፌን ከፈትኩ። እማዬ ስልኩን ይዛ ትስቃለች። ለእኔ እንዲህ ስቃልኝ አታውቅም…