ትንፋሽ የሚያወጣው ስም

አንኮበር፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሮዳስ፣ ከአንኮበር ጉም የተረፈው ሰላምታዬ ጀርመን ድረስ ይድረስሽ። ስልክሽን ስላላነሳሁ አትቀየሚኝ፤ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው። ይህን ደብዳቤ እዚያው አጠገብሽ ላለችው ለአክስትሽ ልጅ ለሠናይት በስልክ ልኬዋለሁ፤ አትማ በእጇ ትሰጥሻለች። አንብበሽ እስክትጨርሺም ካጠገብሽ እንዳትነሳ ለምኛታለሁ።

እኔ ደክሞኛል። ቤት ሲሆን እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም፤ ማኅሌት ስቆም ግን መቋሚያዬን ተደግፌ አንቀላፋለሁ። ደብተራዎቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

የላክሻት ወርቅ የተቀባች መስታወት በጊዜው ደርሳናለች። ስናያት ባዶ ናት። እናትሽ "ይኼን ሁሉ ዓመት ተምራ የማይታይ ጽሕፈት?" ብላ ሳቀችብሽ። ማብራሪያሽን ደጋግሜ አነበብኩላት። ወርቁን ውሃ የሚጠላ፣ ውፍረቱ አንዲት ሞለኪውል ብቻ የሆነ ሽፋን ታለብሺዋለሽ። ከዚያ በፊደል ቅርጽ በተቀደደ መሸፈኛ በኩል ብርሃን ትለቂበታለሽ። ብርሃን ያረፈበት ሽፋን ይለቅና ውሃ የሚወድ ሌላ ይተካበታል። ዕድሜዬን ሙሉ ብራና ላይ በቀለም ስጽፍ ኖሬ፣ በብርሃንም እንደሚጻፍ ከልጄ ተማርኩ። ኮራሁብሽ።

"ተንፍሱባት" ብለሽ የለ? እናትሽ ተነፈሰችባት። መስታወቷ ጉም ለበሰችና መሐሏ ላይ "አልታየች" የሚል ጥርት ብሎ ወጣ። የገዛ ስሟ! "ይኸው ታየሁ!" እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ያን ቀን እንደ ልጅ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከትራሷ ሥር እያወጣች ትተነፍስባት ነበር። ደረቷ እየባሰባት ሲሄድ ትንፋሿ አጠረ፤ ስሟም አብሮ አጠረ፣ "አልታ" ላይ ይቀር ጀመር። ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወስደናት፣ የሚደረግላት የለም ቢሉን ይዘናት ተመለስን። "ለሮዳስ እንዳትነግሯት፤ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ለገና መምጣቷ አይቀር፣ እጠብቃታለሁ" አለችን። እኔም እሺ አልኳት። እሷን እምቢ ማለት መቼ ችዬ አውቃለሁ?

ማክሰኞ ጠዋት መስታወቷን እኔ ወደ አፏ አስጠጋሁላት። ጠበቅሁ። ምንም አልወጣም። የተበላሸች መስሎኝ ወደ መስኮቱ ወሰድኳትና ራሴ ተነፈስኩባት። "አልታየች" የሚለው ከዳር እስከ ዳር ወጣ።

ሥራሽ እንከን የለውም፣ ልጄ።

የእናትሽ ምርቃት አይለይሽ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

አባትሽ
ዘርአ ዳዊት