ኩላሊት የሚለውን ሳጥን ባዶ ስለተውኩት

ለሰፈራችን የደም ምርመራ ላቦራቶሪ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ደንበኛን በአንድ ጠዋት ሐኪም ስለሚያደርገው ቅጽ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ ከነጉበትዎ፣ ከነታይሮይድዎ፣ ከነቫይታሚንዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በቅጽዎ ላይ በተዘረዘሩት በአርባ ሁለቱም የምርመራ ዓይነቶች ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልዎ ያዘዘችኝ ባለቤቴ ናት። አምና እናንተ ዘንድ ተመርምራ ሁሉም ደህና ነው የሚል ወረቀት ተቀብላ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ክፉኛ መድከማቸውን ከሆስፒታል ሰማች። ያሳሳተኝ ላቦራቶሪው ነው፣ አንተ ደብዳቤ ታውቅበታለህና ልክ ልካቸውን ንገርልኝ ብላኛለች። ትእዛዟን ለመፈጸም ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ቅጹን ከነእስክርቢቶው አውጥታ የምትፈልጉት ላይ ምልክት አድርጉ ስትለን፣ ሐኪም ለመሆን ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ የሚደክሙ ወጣቶች አሳዘኑኝ። ግድግዳው ላይ ጥርሳቸው በረዶ የመሰለ ባልና ሚስት ጤናዎን በእጅዎ ይምረጡ ይላሉ። ሚስቴ ካልመረጠችልኝ ሸሚዝ እንኳ በቅጡ ገዝቼ ለማላውቀው ለእኔ፣ ይህን የመሰለ አመኔታ ስለጣላችሁብኝ ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም።

፪ኛ. ቅጹ ሰው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ስልክ ቁጥሩን ይጠይቃል፤ ምን እንደሚፈራ ግን አይጠይቅም። ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ ታላቅ ወንድሜ በኩላሊት እጥበት ማሽን አጠገብ ሲያልቅ አይቼ፣ ከዚያ ወዲህ ቃሉን በቤታችን እንዳይነሳ ማድረጌን እጽፍለት ነበር። ስላልጠየቀኝ የሙያዬን አደረግሁ። ተማሪዎቼን በየፈተናው በር ላይ መጀመሪያ የምታውቁትን ሥሩ፣ ያስፈራችሁን እለፉት እያልኩ ነው ያረጀሁት። ስለዚህ ጣፋጭ ስለማልወድ ስኳርን መረጥኩ፤ ቀጭን ስለሆንኩ ኮሌስትሮልን መረጥኩ፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ የማውቀውን የደም ዓይነቴንም ለነጥብ ያህል ጨመርኩበት። ኩላሊት የሚለው ጋ ስደርስ ዘለልኩት። ክቡርነትዎ፣ እኔ እኮ እናንተ ዘንድ የመጣሁት ልመረመር ሳይሆን ላልፍ ነበር።

ባለቤቴ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ እንዲህ ያለው ነገር አንተ ታውቃለህ፣ ለራስህ ያደረግኸውን ለእኔም አድርግልኝ አለችኝ። አደረግሁላት። ያን ሰሞን ጠዋት ስትነሳ ፊቷ እንደሚያብጥ፣ ወደ ማታ ጫማዋ አልገባ እንደሚላት አውቅ ነበር። እያወቅሁ ከሳጥን ወደ ሳጥን የራሴን ምልክት ገለበጥኩላት። ተማሪ ከጎረቤቱ ሲቀዳ ወረቀቱን የምቀማ ሰው ነበርኩ።

፫ኛ. የውጤቱ ወረቀት ላይ ያረፈው አረንጓዴ ማኅተም እጅግ ያማረ ነው። ባለቤቴ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈችው። ዘጠኝ ወር ሙሉ እግሯ ባበጠ፣ ምግብ ባስጠላት ቁጥር እየሄደች ታየውና፣ ይኸው ደህና ነኝ፣ እርጅና ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ትላለች። እኔም ከጎኗ ቆሜ ልክ ነሽ እላታለሁ። የሆስፒታሉ ሐኪም አምና ቢታወቅ ኖሮ ብዙ ማዘግየት ይቻል ነበር ሲል፣ እርሷ የተቆጣችው በእናንተ ነው። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምበላው አይወርድልኝም፤ እርሷ ደግሞ ለእኔ ማሰብ ሊገድልህ ነው እያለች ትቆጣኛለች።

፬ኛ. ይህ ቅሬታ የመስኮቷን ልጅ ይመለከታል። ቅጾቹን ስመልስላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አባባ፣ ለእትዬ ኩላሊትም ቢታይላቸው ጥሩ ነበር ብላኝ ነበር። አያስፈልግም ልጄ፣ ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ አልኳት። ሥራዋ ያ እንደነበር የገባኝ ዘንድሮ ነው። የተቀየምኩት ደጋግማ ስላልነገረችኝ ነው፤ ሌላ የማመካኝበት ሰው ስላጣሁ እባክዎ ይህችን ቅሬታ ይቀበሉኝ።

ስለዚህ ባለቤቴ ካሰበችው በተቃራኒ እንዳላሳሳታችኋት በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። የተጠየቃችሁትን ሁሉ በትክክል መልሳችኋል። ያልጠየቅኋችሁ እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።

ላልተማርኩት ሙያ ለሰጡኝ የግማሽ ሰዓት ሹመት እጅ እየነሳሁ፣ ለድርጅትዎ ብዙ ደንበኛ፣ ለደንበኞችዎም ሁሉ ከእኔ የተሻለ ባል እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሠላሳ አንድ ዓመት መምህር፣ የአንድ ጠዋት ሐኪም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በራችሁ ላይ ከመለጠፌ በፊት ለባለቤቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ አንተስ የራስህን ኩላሊት ታይተሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልታየሁም። ነገ ጠዋት ምግብ ሳልቀምስ ይዛኝ ትመጣለች። እስከዚያ መስኮቱ ላይ ሐኪም ማስቀመጥ ካልደረሰላችሁ፣ እስክርቢቶውን ለእርሷ ስጧት።