ከወንበር ሥር ስለተቀመጠው ተርቦ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎ ከወንበርዎ፣ ወንበርዎም ከቢሮዎ ጋር በሰላም እንዲኖሩ፣ ከዓመት ወደ ዓመትም ያለ ዳገት ያደርስዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ በር ፊት ለፊት የመኪና መለዋወጫ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። የቢሮዎ መጋረጃ ጠዋት ሲገለጥ ከባንኮኒዬ ሆኜ አያለሁ፤ እርስዎም ወደ ውጭ የመመልከት ልማድ ቢኖርዎ ኖሮ እኔን ያዩኝ ነበር። ሱቄን ከዘጋሁ በኋላ የቀኑን ውሎ መጻፍ እወዳለሁና ከዚህ በታች የማሰፍረው ሲወራ የሰማሁት ሳይሆን በደጃፌ ሲደረግ ያየሁት ነው። ቀደም ሲል በማመልከቻ ሞክሬ ነበር። ማመልከቻዎቼ ከመዝገብ ቤት ወጥተው የት እንደገቡ ግን የሚነግረኝ ስላላገኘሁ፣ እርስዎ ባያነቡት እንኳ ያነበበ ሰው ይነግርዎታል በሚል ተስፋ ይህን በግልጽ ጽፌያለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ፤ እርስዎ ያውቁታልና ይታገሱኝ። ቤንዚን ኪስ ማራቆት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ባለመኪና ሞተሩን በወጥ ቤት ሲሊንደር በምናውቀው ጋዝ፣ በኤል ፒ ጂ፣ እንዲሠራ እያስለወጠ ነው። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ተርቦ አላቸው። ተርቦ በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚያጎርስ ዕቃ ነው፤ ትንሽ ሞተር ሰው ሞልቶ ዳገት የሚወጣውም በዚህ ጉርሻ ነው። ተርቦ ያለው መኪና በጋዝ ሲሠራ ጥንቃቄ አያስፈልገውም የሚል ሰው ካጋጠመዎ አይመኑት። ያስፈልገዋል። የጋዙ መጠን ከአየሩ ጋር መመጣጠን አለበት፣ ካንዴላው ለሙቀቱ የሚመጥን መሆን አለበት፣ ውሃው በሚገባ መዞር አለበት። እነዚህን የሚያይ ምርመራ ቢኖረን ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን አልጽፍም፣ እርስዎም ከሻይዎ አይስተጓጎሉም ነበር።

ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

፩ኛ. ስለ መመሪያው። ወደ ጋዝ የተለወጠ ተሽከርካሪ «ተጨማሪ የግፊት መሣሪያ ሊኖረው አይችልም» የሚል አንድ መስመር በመመሪያዎ ውስጥ አለ። መስመሩ የተጻፈው መኪና ላይ ስለሚጫን የአየር ታንክ መሆኑን መመሪያውን ያረቀቁት ሰው ራሳቸው ለነጋዴዎችና ለባለጋራዦች በተጠራ ስብሰባ ላይ ተናግረዋል። ምክትልዎ ግን ከመድረኩ ብድግ ብለው «ጋዙም ግፊት፣ ተርቦውም ግፊት፤ እኛ ሁለት ጣውንት በአንድ ጓዳ አናስቀምጥም» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሳቁም እንደ ድጋፍ ተቆጥሮ በማግስቱ «ተርቦ ያለው የጋዝ መኪና ቦሎ አይሰጠውም» የሚል ማስታወቂያ በበራችሁ ላይ ተለጠፈ። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ፣ ቀልድ መስሎኝ። ሕግ በጭብጨባ ሲወጣ ከዚህ በፊት አይቻለሁ፤ በሳቅ ሲወጣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩን እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪ኛ. ስለ ምርመራው። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወዲህ የምርመራ ቀን ጠዋት በጽሕፈት ቤትዎ አጥር ሥር የሚታየውን ነገር እርስዎ በዋናው በር ስለሚገቡ ሳያዩት አይቀርም። መኪኖቹ ኮፈናቸውን ከፍተው ይሰለፋሉ። መካኒኮች ተርቦ ያወልቃሉ፣ ባለመኪኖች የወለቀውን በአሮጌ ሸሚዝ እንደ አራስ ልጅ ጠቅልለው ከወንበር ሥር ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ መኪናው እያሳለ ወደ ግቢዎ ይገባል፣ ቦሎውን ለጥፎ ይወጣል፣ ማታ ተርቦው ተመልሶ ይገጠማል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ በግቢዎ ውስጥ የለም። አንዱ መርማሪ ከወንበር ሥር የተጠቀለለውን በእግሩ ነካ አድርጎ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ባለመኪናው ደንግጦ ተርቦ መሆኑን ቢነግረው፣ «ወንድሜ፣ እኔ የምመረምረው ሞተር ነው፤ ወንበር ሥር ያለው የቤት ዕቃህ ነው» ብሎ አሳልፎታል። በመርማሪው አልፈርድም። ጨዋ ሰው ነው፣ የታዘዘውን ይሠራል፣ ጉቦ ሲቀበልም አላየሁም። እንዲያውም የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ጉቦ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ለአንድ ሰው ይጠቅም ነበር።

፫ኛ. ስለ ውሃው። ይህኛው ደረቅ ነገር ስለሆነ አጭር አደርገዋለሁ፣ ነገር ግን እንዳይዘሉብኝ እለምናለሁ። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ፈሳሽ ነው፤ ሞተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፈሳሹን በምታተን አንዲት ማትነኛ ውስጥ ያልፋል። ፈሳሽ ጋዝ ሲተን ደግሞ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛልና ማትነኛዋ በረዶ እንዳትይዝ የሞተሩ ሙቅ ውሃ በዙሪያዋ እንዲያልፍ ተደርጎ ትገጠማለች። ተርቦውም የሚጠቀመው ያንኑ ውሃ ነው። ተርቦ በወለቀ ቁጥር ውሃው ይፈሳል፣ ቱቦው ይታሰራል፤ በተመለሰ ቁጥር ቱቦው ይፈታል፣ ውሃው ይሞላል፣ አየርም አብሮ ይገባል። አየሩ ተጠንቅቆ ካልወጣ ሙቅ ውሃው ማትነኛዋ ጋ አይደርስም፣ ማትነኛዋ ውርጭ ትለብሳለች፣ ሞተሩም ባልታሰበ ቦታ እፍን ብሎ ይጠፋል። አየር ለማስወጣት ደግሞ ሞተሩን አሙቆ፣ አቀዝቅዞ፣ መልሶ አሙቆ ማየት ይጠይቃል፤ በምርመራ ቀን ማታ ግን ጋራዡ ሁሉ ተርቦ በሚያስመልስ ሰው ስለሚጨናነቅ ለዚህ ትዕግሥት ያለው የለም። ስለዚህ ምንም ያልነበረበትን ሞተር በየዓመቱ አንድ ጊዜ የምታሳምሙት እናንተ ናችሁ፣ የጤንነት ምስክር ወረቀት የምትሰጡትም በዚያው ቀን ነው። በበኩሌ የቱቦ ማሰሪያ፣ ጓርኒሲዮንና የራዲያተር ውሃ ሻጭ ስለሆንኩ ከዚህ ሥርዓት አትርፌአለሁ። ልክደው አልችልም። ውለታዎን የምመልስበት ሌላ መንገድ ባጣ ነው ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት።

፬ኛ. ስለ እህቴ ባል። አማቼ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ መኪናዋም የራሱ ናት። ተሳፋሪዎቹ በዝግታው የተነሣ «ረጋ» የሚል ቅጽል አውጥተውለታል። የቸኮለ ሰው እሱ መኪና ውስጥ ሲገባ «ዛሬ ረጋ ደረሰብኝ» ብሎ ያማርራል፤ እናቶች ግን ልጆቻቸውን የሚሰዱት አማርጠው በእሱ ነው። የምርመራው ቀን ሲደርስ ተርቦው ይውለቅ አይውለቅ እያለ ሲያመነታ ወደ ሱቄ መጥቶ «ጋሼ፣ ደህና የሚሠራ ነገር እንዴት ይነካካል?» ቢለኝ፣ አማራጭ እንደሌለው ነገርኩት፤ አማራጭ አልነበረውማ። አወለቀ፣ ቦሎውን አገኘ፣ ማታ አስመልሶ ገጠመ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ላይኛው ሰፈር በሚወስደው ዳገት መሃል፣ መኪናዋ በሰው ሞልታ ሳለች፣ ሞተሩ ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬን መርገጫው እንደ ድንጋይ እንደሚደርቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ እንዲያውቁ የምፈልገው የቀረውን ነው። አማቼ ወደ ቤንዚን የሚመልሰውን ማብሪያ ሲጫን መኪናዋ ወደ ኋላ መንከባለል ጀምራ ነበር። ከኋላው ተማሪዎች የጫነ አውቶቡስ ይመጣል። ከጋቢናው አጠገብ ተቀምጣ የነበረች የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ እንደነገረችኝ፣ «ያዙ! አጥብቃችሁ ያዙ!» ብሎ ጮኸ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምተውት የማያውቁ ሁሉ የያዙትን ያዙ፣ እሱም መሪውን ወደ መንገዱ ዳር ግንብ ጠመዘዘው። የመኪናዋ ኋላ ግንቡን መታ፣ ዞራም በሾፌሩ በኩል ተላተመች። ተሳፋሪዎቹ በጭረትና በድንጋጤ ተረፉ፤ አውቶቡሱ አልተነካም። በሩ ከነግንቡ ያረፈው በረጋ ግራ እግር ላይ ነበር።

፭ኛ. ስለ ሪፖርቱ። ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ጉዳይ ያሳየውን ፍጥነት ሳላደንቅ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ማመልከቻ ለመመለስ ጊዜ ያጡት ሠራተኞችዎ አማቼ ከቀዶ ጥገና ክፍል ሳይወጣ ሪፖርት ጽፈው ጨርሰዋል። መንስኤውም «ባለንብረቱ ተርቦውን ያለ ጽሕፈት ቤቱ ዕውቅና በማውለቁና በመግጠሙ» ነው ይላል። ማውለቁን ያዘዘው ማስታወቂያ እስከ ዛሬ በበሩ ላይ እንደተለጠፈ መሆኑን ሄጄ በመስኮቱ ለተቀመጠው ባለሙያ ሳመለክት፣ በጥሞና አዳምጦኝ «ጋሼ፣ ካላወለቀ ቦሎ አንሰጠውም፣ ካወለቀ ነካክቷል እንላለን፤ ሁለቱም ደንብ ነው» ብሎ አስረዳኝ። ግልጽ አነጋገር ከመንግሥት መስኮት መስማት ብርቅ ነውና አመስግኜው ወጣሁ።

ከዚያ መንጃ ፈቃዱ መታገዱን የሚገልጽ ወረቀት ሆስፒታል ድረስ መጣ፤ «በአካል ቀርበው እንዲያስረክቡ» ይላል። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ታካሚዎች ነበሩና እህቴ ወረቀቱን ቀስ ብላ ነው ያነበበችው። አማቼ እግሩ በብረት ተወጥሮ ተንጋልሏል፤ ሊያስረክብ የተጠራበት ፎቅ ደግሞ አሳንሰሩ ከተበላሸ የቆየ ነው። እሱ የጠየቀኝ ነገር ቢኖር «መንጃ ፈቃዴን ያስመልሱልኛል?» የሚል ብቻ ነው። ሌላ ሙያ የለውም፤ እህቴና ልጆቿም ከመሪው ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። እህቴ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከትከሻዬ በላይ አንብባ «ወንድሜ፣ አታሳምረው፤ የምትለውን በለው» ብትለኝም፣ የእርስዎን ክብር በመጠበቅ እስከዚህ ድረስ አሳምሬዋለሁ። አሁን እንደ እሷ ልናገር።

ማስታወቂያውን ያንሱ። መርማሪዎችዎ ተርቦ አለ ወይ ከሚሉ ማትነኛዋ ሞቃለች ወይ ብለው በእጃቸው ይንኩ፤ ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፣ መዳፍ ብቻ ይበቃል። የአማቼን መንጃ ፈቃድ ይመልሱ። ሪፖርቱንም ያርሙ፤ ማን እንዳዘዘ ይጻፍበት። ከዚህ የበለጠ አልጠይቅም። እግሩን እንዲመልሱልን አልጠየቅንዎትም።

በመጨረሻም፣ ሠራተኞችዎ በሥነ ሥርዓት ስላስተናገዱኝ፣ የመጠባበቂያ ወንበሮችዎ ሰው ረጅም ጊዜ እንዲቀመጥባቸው ታስቦ በጥንካሬ ስለተሠሩ፣ እርስዎም እስከ ዛሬ ድረስ በዝምታዎ ስላልተለዩን ያለኝን ምስጋና እየገለጽኩ፣ ለመጋረጃዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም እመኛለሁ።

መመሪያዎን በማክበር የተጎዳ ሰው የቅርብ ዘመድ የሆንኩ፣
ሁልጊዜም ከደጃፍዎ የማልጠፋ
የመለዋወጫ ነጋዴው

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦

ይህን ደብዳቤ ከጨረስኩ በኋላ ሐኪሙ አማቼንም እኛንም በአንድነት አነጋገረን። አጥንቱ ይገጥማል፤ የእግሩ ነርቭ ግን አይመለስም፣ ግራ እግሩም ከእንግዲህ ፍሪሲዮን አይረግጥም። ስለዚህ ክቡርነትዎ በእገዳው ጉዳይ መጨነቅ አይገባዎትም፤ ሰውየው አይነዳም። ሚኒባሷን የሚነዳ ሰው እየፈለግን ነው።

እኔ የመንጃ ፈቃዱን ነገር ከደብዳቤው ልሰርዘው ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ረጋ ግን ከለከለኝ። ተሳፋሪዎቹ ሊጠይቁት ሲመጡ፣ በጥፋቱ ፈቃዱን የተነጠቀ ሾፌር ሆኖ ከአልጋው ላይ ሊያያቸው አይፈልግም። «ባልነዳም ይመለስልኝ» ነው ያለኝ። እግሩን ሐኪሞቹ የቻሉትን አድርገውለታል። ስሙን የሰበራችሁት ግን በብዕር ስለሆነ፣ ለመጠገን ሐኪም አያስፈልገውም።