የጀርመንኛ መምህርትና አስተርጓሚ ወይዘሮ ሬናተ ክራውዘ፦ ከናውምቡርግ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወይዘሮ ሬናተ ክራውዘ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1953፣ እሑድ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ከሩብ፣ ናውምቡርግ በምትባል የምሥራቅ ጀርመን ከተማ ከአባታቸው ከዳቦ ጋጋሪው ከኦቶ ክራውዘና ከእናታቸው ከማርታ ሊንደማን ተወለዱ። ሰዓቱን በትክክል የምናውቀው እናታቸው በየልደታቸው ቀን ልክ በዚያ ሰዓት ይቀሰቅሷቸው ስለነበር ነው።

በትውልድ ከተማቸው ተምረው ላይፕዚግ ገቡ፤ ጀርመንኛን ለውጭ ሀገር ሰዎች ማስተማርን አጥንተው በ1976 ተመረቁ። እዚያው ሲያስተምሩ ከኋላ ወንበር ይቀመጡ የነበሩትን የምሕንድስና ተማሪ አቶ መርዕድ ኃይሉን ተዋወቁ። የመንግሥት የጋብቻ ፈቃድ ሁለት ዓመት ቢዘገይም አልተለያዩም፤ በ1981 ተጋቡ። በ1983 አዲስ አበባ መጥተው በየሰው ቤት እየሄዱ ጀርመንኛ አስተማሩ፤ ለጀርመን መሐንዲሶችም አስተረጎሙ። አማርኛን ከአማታቸው ከእማማ እንግዳወርቅ ተማሩ። በተዋሕዶ ሃይማኖት ተጠምቀው ወለተ ማርያም ተባሉ። ኤፍራታንና ፋኑኤልንም ወለዱ።

በ1999 ለአቶ መርዕድ ዲቪ ደርሷቸው ቤተሰቡ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ገባ። አቶ መርዕድ ፓርኪንግ ሲሠሩ፣ ወይዘሮ ሬናተ በአውቶቡስና በሜትሮ ፎልስ ቸርችና ዊተን እየተመላለሱ በየቤቱ አስተማሩ። መኪና ነድተው አያውቁም፤ አርፍደውም አያውቁም። ማኅበር ለሦስት ሰዓት ሲጠራ በሦስት ሰዓት በር የሚያንኳኩት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ "እትዬ ሬናተ ደርሰዋል፤ ባለቤቶቹን ቀስቅሷቸው" እየተባለ ይቀለድ ነበር።

በሆስፒታል ለሀገራችን ሰዎች ሲያስተረጉሙ ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳያስቀሩ ይናገሩ ነበር። ወዳጃችን አቶ ዓባይነህ እናታቸው በጠና በታመሙ ጊዜ፣ "እትዬ፣ ይቺን አይንገሩብን፤ በእኛ ደንብ ለታማሚ እንዲህ አይባልም" ብለው ለምነዋቸው ነበር። እሳቸው ግን "ሐኪሙ ያለውን ከዋጥኩ አስተርጓሚ አይደለሁም" ብለው ለእናትየው ነገሯቸው። አቶ ዓባይነህ ለወራት ሰላምታ ነሷቸው። እናትየው ግን እውነቱን ሰምተው ንስሐ ገቡ፤ ከተጣሏት እህታቸው ታርቀው፣ ቆርበው ዐረፉ። ዛሬ ይህን በኩራት የሚያወሩት ራሳቸው አቶ ዓባይነህ ናቸው።

አቶ መርዕድ በ2016 ካረፉ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጃቸው ከኤፍራታ ጋር ኖሩ። ባሎቻቸው ጀርመን ላሉ የአዲስ አበባ ሴቶች፣ ለቪዛ የሚጠየቀውን የቋንቋ ፈተና እንዲያልፉ በስልክ ያስተምሩ ነበር። ብዙዎቹ አልፈው ዛሬ ከባሎቻቸው ጋር ይኖራሉ። የመጨረሻዋ ተማሪያቸው የአቶ መርዕድ የእህት ልጅ ስሂን ናት። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ልጇ አባቱን የሚያውቀው በስልክ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ወይዘሮ ሬናተ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ሕመሙ ሲጠናም ትራስ ተደግፈው ስሂንን ማስተማር አላቋረጡም። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ልጆቻቸውን ጠርተው፣ "ስሂን እስክትፈተን ምንም እንዳትነግሯት። ከጠየቀች ጉንፋን ይዟታል በሏት" አሉ። ፋኑኤል ደንግጦ "ማሚ፣ አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው?" ቢላቸው፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ። ለእሷ አስተርጓሚ አይደለሁም፤ አክስቷ ነኝ" ብለው መለሱለት።

ወይዘሮ ሬናተ ማክሰኞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሁለት ልጆችንና ሦስት የልጅ ልጆችን፣ በናውምቡርግ ወንድማቸውን ክላውስን፣ እዚህም እዚያም የማይረሷቸውን ተማሪዎች ትተዋል። በባዕድ ሀገር ቤተሰብ የሆኑልንን እናታችንን፣ እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ጋር በቤቱ ይቀበልልን፤ ለልጆቻቸውም ብርታቱን ይስጥ።

ስሂን ሐሙስ ጠዋት ተፈተነች። አርብ ማለዳ አባቷ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ቤቷ ሄደው አረዷት። ውጤቱ ገና አልወጣም።